ሦስተኛው ማርሽ አልገባ ያለበት ኅዳር

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ወደ ሱሉልታ ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ እንጦጦን እንዳለፍን ማርሹ አልገባ አለው። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው። የካምቢዮውን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ሲታገል ባይ ጊዜ «ተወው ልጄ፣ በጉልበት አይደለም» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። «ማዘር ደግሞ መካኒክ ነዎት እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። ይሳቁ። እንደምንም እየተንገጫገጨ መንገድ ዳር ወዳለ ጋራዥ አስገባው፤ መካኒኩ ከሥር ተንፏቆ ገባና ቡሎኑን ፈታ። አሮጌው የካምቢዮ ዘይት ወደ ሳህኑ ሲወርድ ሽታው መጣ።

ይህን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሞተር ዘይት ሽታ አይደለም። ያረረ ሽንኩርትና የተጫረ ክብሪት አንድ ላይ ሆነው አፍንጫ ውስጥ ገብተው አንወጣም ሲሉ ማለት ነው። ሌሎቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሸሹ፤ እኔ ዱካ ለምኜ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ማዘር፣ ልብስዎ ይበላሻል» አለኝ መካኒኩ። ይበላሽ። ያን ቀን ለቅሶ ቤት ደርሼ ያለቀስኩት ለሟች ብቻ አልነበረም።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሱሉልታ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነበረች። አስፋልቱ ዳር የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ሣር፣ አሁንም ሣር። እናቴ ከዚያ ኅዳር በፊት ባለው ሐምሌ በወሊድ ሞታለች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ አባቴና የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ በለጡ ነን። «ነን» አልኩ እንጂ አባቴስ አልነበረም። የሰው መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው። ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ከዚያ ባለመኪናው ወደ ሰበታም ወደ ሆለታም ወደ ገላንም ወደላከው ይሄዳል። በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፤ እሱንም ቀን ሲተኛ ይውላል።

እትዬ በለጡ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ነፍሷን ይማር። ነገር ግን ወሬ አትወድም። የኑግ ዘይት ቸርቻሪ ነበረች። በጾም ወራት ከጓዳው ጥግ በትልልቅ ቆርቆሮ ዘይት ይቀመጣል፤ ሴቶች ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ ትቀዳላቸዋለች፣ ይሄዳሉ። ከእኔ ጋር በቀን የምትነጋገረው «ብዪ»፣ «ተጣጠቢ»፣ «ተኚ» ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ ቤት ዝም ይልብኛል። እናቴ እያለች ዝም ብሎ አያውቅም ነበር፤ እሷ ከድስቱም ጋር ታወራለች። ስለዚህ ደብተሬን አስቀምጬ እወጣና አስፋልቱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መኪና አዳምጣለሁ። የአባቴን መኪና ከሩቅ በድምፁ እለየዋለሁ። አብዛኛውን ቀን የሚመጣው የሌላ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር ነው፣ ውርጩ ሣሩን ሁሉ አንጥቶታል፤ አባቴ መኪናውን አስነስቶ ሊወጣ ሲል ከመኪናው ሆድ ውስጥ ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰው በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማው ዓይነት። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ረገጠ። አንደኛ ማርሽ ገባ። ሁለተኛ በስንት ልመና ገባ። ሦስተኛ ወይ ፍንክች! ከአጥሩ ብዙም ሳይርቅ ወደ ኋላ መለሰውና ወረደ።

«ምን ሆነ ደግሞ?» አለች እትዬ በለጡ ከበሩ ላይ።

«ካምቢዮው ጠጥሯል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ አላልፍም አለኝ።»

እኔ ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ። የክፍላችን ልጅ የነበረችው ጫልቱ ሰኔ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሳታልፍ ቀርታ ስታለቅስ አይቻለሁ። መኪናውም ፈተና የወደቀ መሰለኝ። ማን አስጠንቶት ያልፋል? አባቴ እንደሆነ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

«ዘይቱ ነው» አለ አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አርጅቷል፤ ብርዱም አረጋው። መቀየር አለበት። እንግዲህ ዘይት እስኪመጣ እዚሁ ነኝ።»

እዚሁ ነኝ! ለመኪናው ማዘኔን ወዲያው ተውኩት።

ሁለት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ድረስ አባቴ ቤት ቆየ። ከእናቴ ሞት በኋላ ያን ያህል ቀን በተከታታይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የበሩን ማጠፊያ ጠገነ። የጣሪያውን ቀዳዳ ደፈነ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ይነካሻል ብሎ በካፖርቱ ጠቅልሎ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፤ ካፖርቱ ያንኑ የካምቢዮ ዘይት ይሸታል፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ እኔ እኮራለሁ። አንድ እሑድ ጸጉርሽን ልሥራሽ ብሎ ተነሣ። ሹሩባው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ሆኖ እትዬ በለጡ እንኳ ሳትወድ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። በዚያ ጊዜ አይስቅም ነበር። ሠርቶ ሲጨርስ «እናትሽ እንዴት ነበር የምታደርገው?» አለኝ፤ እኔም በደንብ ማስታወስ አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ውስጥ ያስገባኛል። ሞተሩ እንደጠፋ እሱ ከሥር ፍሪሲዮኑን ይረግጥልኛል፣ እኔ ዘንጉን እይዛለሁ። ከወለሉ ሥር ያለው ሣጥን፣ ካምቢዮው፣ ለእኔ እንስሳ ነበር። ጥርስ አለው ይላሉ፣ ይጠጣል ይላሉ፣ አልታዘዝም አለ ይላሉ፤ ታዲያ እንስሳ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጆሮዬን ወለሉ ላይ አድርጌ ሲተነፍስ ለመስማት ሞክሬያለሁ።

«በጉልበት አይደለም» ይለኛል አባቴ። «ስትገፊው ይሰማሻል፤ እሺ እስኪልሽ ትጠብቂዋለሽ። ካምቢዮ የራሱን ዘይት ነው የሚወድ። የሌላ ሰጥተሽ አይቻልም፤ ጭራሽ እምቢ ይልሻል።»

«እምቢ ካለስ?»

«ሜዳ ላይ ከሆነ ትቆሚያለሽ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ግን...» አለና ወደ እንጦጦ በኩል አገጩን ወረወረ። «ሰው ቁልቁለት ላይ መኪና የሚይዘው ፍሬን ይመስለዋል። የሚይዘው ማርሹ ነው። ጭነት ይዘሽ ያንን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ካልወረድሽ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ በኋላ እግዜር ነው የሚያውቅልሽ።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው የመጀመሪያዋን ብቻ ነበር። የሌላ ከሰጡት እምቢ ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? እኔ ነኝ ያቺ ዶሮ።

በየማታው «አባባ፣ ዘይቱ መጣ?» እለዋለሁ። «ገና ነው» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ «ዘይቱ እንዳይመጣ» ብዬ እጸልይ ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። እናቴን መልሺልኝ ማለት እንኳ ትቼ ነበር፤ እሱ እንደማይሆን ገብቶኛል፤ ይህቺን ግን አትነፍገኝም ብዬ ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሾፌር አስፋልቱ ላይ መኪናውን አቁሞ ጥሩንባውን ነፋ። አባቴ ሄደ። ከባለመኪናው መልእክት ነበር የያዘለት፤ ከአጥሩ ሥር ሆኜ ሰማሁ። «ድርቆሹ እስከ ቅዳሜ ካልገባ ቁልፉን ይመልስ ብሏል» አለው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ወዲያው የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ከራሱ መኪና ጋቢና ሲወርድ አየሁት። ሾፌሩ ይዞለት የመጣ መሰለኝ። የዚያን ሰውዬ ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ምንም ሳያደርገኝ ስንት ጊዜ ረገምኩት!

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አሮጌውን ዘይት አወረደ። መጀመሪያ መኪናውን እያጓራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቀሰው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ነው አሟጦ የሚወርደው አለኝ። ከዚያ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር እየተጎተተ ወደ ሳህኑ ወረደ። በጣቱ ነክቶ አሳየኝ፤ በጥቁሩ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ነገር አለ። ብር መስሎኝ «እንውሰደው» አልኩት። «የማርሹ ጥርስ ነው፤ ዘይቱ ሲያረጅ እርስ በርሱ ይበላላል» አለና ጣቱን ጠረገ። ጠብታው እስኪያልቅ ይደር ብሎ ሳህኑን ከሥር ትቶት፣ የጭነቱን ነገር ሊነጋገር ወደ ኦቦ ዴቢሳ ሄደ። ኦቦ ዴቢሳ የድርቆሹ ባለቤት ናቸው፤ ከእኛ ቤት ጀርባ ያለው ሜዳ ሁሉ የእሳቸው ነው።

እትዬ በለጡ ገበያ ነበረች። እኔና ሁለት ቆርቆሮ ዘይት ብቻችንን ቀረን።

ምን አስቤ እንደነበር በደንብ አውቀዋለሁ፤ ልጅነት ነው ብዬ ላድበሰብሰው አልችልም። ከአዲሱ የካምቢዮ ዘይት ግማሹን ከባሕር ዛፉ ሥር ደፋሁት። ወፍራም ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ስንት ሰዓት የቆምኩ መሰለኝ። የጎደለውን ከእትዬ በለጡ ኑግ ዘይት በጣሳ እየጨለፍኩ ሞላሁት። መልኩም ከላይ ሲያዩት ያው ነው። ክዳኑን ገጠምኩና እጄን በእንዶድ እስኪላጥ ታጠብኩ። በእኔ ቤት ካምቢዮው የራሱ ዘይት እንዳልሆነ ሲያውቅ እምቢ ይላል፣ መኪናው ከግቢ አይወጣም፣ አባቴም ለገና ከእኛ ጋር ይሆናል። ከገና በኋላ ስላለው አላሰብኩም።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ተነሣ። ለዚህ ጉንፋን ያልሰጠሁት ስም የለም። አፍንጫው ደህና ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውን እንደከፈተ ያውቅ ነበር። ብርድ ነውና ዘይቱ እንዲላላ ቆርቆሮውን እሳት ዳር አስቀምጦ አሞቀው፤ መቅጠኑም ከሙቀቱ መሰለው። ከወንበሩ አጠገብ ያለውን የወለል ሳንቃ አንሥቶ በአሮጌ የሻይ ማንቆርቆሪያ እያደረገ ቀዳው። ሞልቶ መመለስ ሲጀምር «በቃኝ አለ» ብሎ ዘጋው። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አሁን እምቢ ይላል፣ አሁን!

አስነሣው። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ሦስተኛን ያለ ድምፅ አስገባው። ዞሮ ሲመለስ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እየሳቀ ነው። «እትዬ፣ ኑ እዩት! ቅቤ ሆነ እኮ!» አባቴ ከሐምሌ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺም መርቂኝ እንጂ፣ ምን ይዘጋሻል?» አለኝ። ዓይኔን ወደ ጎማው መለስኩ። ግንባሬን ስሞኝ ሊጭን ወደ ሜዳው ሄደ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ እንጂ ምን እንደተማርን አላውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ሆዴ እያወቀ ሰሌዳው ላይ አፈጥጣለሁ። በጆሮዬ ግን ያቺ የቁልቁለቱ ነገር ነው የምትጮኸው። ያን ጊዜ ያልሰማኋት ሁሉ ተመልሳ መጣች። የሚይዘው ማርሹ ነው። የሌላ ከሰጡት እምቢ ይላል። አሁን እሺ ያለው ነገር እንጦጦ ላይ እምቢ ቢልስ? በዕረፍት ሰዓት ደብተሬን ጥዬ በሜዳው በኩል ሮጥኩ።

ስደርስ ድርቆሹ ከመኪናው በላይ ቤት አክሏል። ሰዎቹ በመንሽ እያነሡ ይወረውራሉ፣ ሁለቱ ከላይ ሆነው ይረግጣሉ፣ አባቴ ገመዱን እየዞረ ይወጥራል። ሁሉም ይጫወታል፣ ይሳሳቃል። አባቴ አየኝና ገመዱን ለቀቀ።

«ምን ሆንሽ? ማን መታሽ?»

አሁን ንገሪው፣ አልኩ ለራሴ። አሁን። ሰዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። የአባቴ ፊት ላይ ያ የጠዋቱ ነገር ገና አልጠፋም። «ደህና ይግቡ ልልዎት ነው» አልኩት።

«አዩ ኦቦ ዴቢሳ፣ ልጅ ማለት ይህቺ ናት!» አለ። ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ፤ ጉንፋን እንዳያጋባብኝ ትንፋሹን ይዞ። ቶሎ እመለሳለሁ፣ ለገና ሳልደርስ አልቀርም አለኝ። ከዚያ ገባና ሄደ። ያ የድርቆሽ ክምር በአስፋልቱ ላይ እየተወዛወዘ ሲሄድ እያየሁ እዚያው ቀረሁ። በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ዘንድሮ ላይ ሆኜ ስናገረው ቀላል ይመስላል።

ኦቦ ዴቢሳ መንሻቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸውና ኦሮምኛቸው ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው እንደ ቅጠል የምትርገፈገፊ?»

«ኦቦ፣ ካምቢዮው ውስጥ ኑግ አለ።»

መጀመሪያ ሣቁ። ኑግ በካምቢዮ! ደግሜ ነገርኳቸው፤ ግማሹን መድፋቴን፣ በጣሳ መጨለፌን። ሣቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «እንጦጦን ሊወርድ ነው እኮ» አሉ ለራሳቸው። ለሰዎቹ ምንም ሳይናገሩ ፈረሳቸውን ጫኑ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። አንቺ ቤት ግቢ። ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝና በሣሩ ላይ አቋርጠው ጋለቡ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከድንጋዬ ላይ አልተነሣሁም። ከእንጦጦ በኩል ለሚመጣ መኪና ሁሉ እነሣለሁ። ሰዎች ተሰብስበው የሚያወሩ ባየሁ ቁጥር የእኔን ወሬ የሚያወሩ ይመስለኛል። እትዬ በለጡ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፤ በሦስተኛው መጥታ አጠገቤ ቆመችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችኝ። «እሱ እንደሆነ ሳምንት ነው የሚመጣ፤ ምን ያስጠብቅሻል?» አለች። ልነግራት ፈለግሁ። ኦቦ ግን ለማንም እንዳትናገሪ ብለውኛል።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ኦቦ ዴቢሳ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። «ደህና ነው» አሉኝ ገና ከሩቅ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሌላውን ሳያስቀድሙ። ሲነግሩኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ዳገቱን ሲጨርስ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ማርሹ ሦስተኛ ላይ ተነክሶ አልወጣም አለው። ከወለሉ ሥር ጭስ መጣ። አባቴ እንደምንም አቆመና ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ኦቦ ሲደርሱ ምን ነካው ብሎ ከሥር ተኝቶ ያያል። «ያንቺ አባት አፍንጫው ተደፍኗል፤ እኔን ግን ከሩቅ ነው የሸተተኝ! የጾም ወጥ የሚሠራ ቤት የደረስኩ ነው የመሰለኝ» አሉ። ሊያስቁኝ ነበር። ከዚያ ለአባቴ ነግረውታል። ምን አለ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ» አሉኝ።

አባቴ በሦስተኛው ቀን በእግሩ መጣ። መኪናውን ሌላ መኪና ጎትቶ ወስዶታል፤ ድርቆሹን ሌላ ሰው ጭኖታል። የባለመኪናው መካኒክ ካምቢዮውን ፈትቶ ጥርሱ እንደተበላ አይቷል፣ የኑግ ዘይቱንም አይቷል። ባለመኪናው ይህን ማን አደረገ ሲል አባቴ «እኔ ነኝ፤ ለብርዱ ይቀጥን ብዬ ደባለቅሁት» አለ። በዚያ መንገድ ላይ ካምቢዮ ለመስማት የአባቴን ያህል ሾፌር የለም ይሉ ነበር፤ ሌሎቹ ሾፌሮች ይጠይቁት ነበር። ከዚያ ወዲያ ኑግ ያጠጣው እያሉ ሳቁበት። ቁልፉንም ተቀበሉት።

ሊገባ ሲል እትዬ በለጡ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ የዘይቷን መጉደል ደርሳበታለች። «ዘይቴን ማን ጠጣው?» ብላ ሁለት ቀን እኔን ስታፋጥጠኝ ነበር።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ ለካምቢዮ» አላት።

«ለካምቢዮ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተ የልጅ አባት አይደለህም ወይ? አብደሃል!»

«አብጃለሁ» አላትና እጄን ይዞ ወጣ።

መኪናው ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ ሣሩ በጎማው ልክ ሞቶ ሁለት መስመር ሠርቷል። እዚያ አጠገብ ተቀመጥን። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ለምን አደረግሽው?» አለኝ። ድምፁ የሚቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እንዳይሄዱ ብዬ።»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ዘይቱን ማን ያመጣው ይመስልሻል?» አለ።

«ያ ሾፌር።»

«እሱ ምንም አላመጣም። ዘይቱ ከመጀመሪያው ቀን ነበረኝ። ማርሹ እምቢ ያለ ዕለት ከምሳ በፊት ቀይሬው መሄድ እችል ነበር» አለ። «እኔም መሄድ አልፈለግሁም። እናንተን ገና ዘይት አልመጣም እያልኩ፣ ባለመኪናውንም ዘይት የለም እያልኩ ተቀመጥኩ።»

በዚያ ዕድሜ ይህን ስሰማ ልደሰት ይሁን ላልቅስ አላወቅሁም። እሱ እኔን እየዋሸ፣ እኔ እሱን እየዋሸሁ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ስንፈልግ ነበር። ጭንቅላቴን ወደ ካፖርቱ አስጠጋው።

ገና ሳይደርስ ሥራ አገኘ፤ በአሰብ መንገድ ነው፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢመጣ ነው አሉ። በቅርብ ያለ ባለመኪና ሁሉ የኑጉን ወሬ ሰምቷልና ከዚህ ሥራ በቀር የተገኘ አልነበረም። የሚወስደው ሾፌር ጠዋት መጥቶ አስፋልቱ ላይ ቆመ። አባቴ ጓዙን ወርውሮ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ ሲያሳርፍ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አፌ ላይ ያልመጣው ነገር መጣ።

«አባባ፣ አይሂዱ!»

ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። ውስጥ ያለው ሰው «ኧረ ግባ፣ መንገዱ ሩቅ ነው!» አለው። አባቴ እንደዚያው አንድ እግሩን አንሥቶ ቆየ።

«እሱን ነበር ያኔ ልትዪኝ የሚገባሽ» አለኝ። ቀጥሎ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም መሄድ አልፈልግም ብዬ ያኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።» ገባና በሩን ዘጋው።

መኪናው ሄደ። ተናደድኩበት፤ ቁጣዬ ከሐዘኔ ይብስ ነበር። እኔ እንዲሄድ አልፈልግም፣ እሱ መሄድ አይፈልግም፤ ታዲያ ማን ነው የሚሄደው እያልኩ እትዬ በለጡ መጥታ እጄን እስክትይዘኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ።